ጥላው ነጩ ድንጋይ ጋ ሳይደርስ

ባሌ የባቡር መካኒክ ነበር። ደሞዙ ለእኛም ለአራቱ ልጆቻችንም ይበቃን ነበር፤ እርሻ የጀመረው ቸግሮት ሳይሆን አምሮት ነው። ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ፣ በመልካ ጀብዱ መንገድ በኩል፣ የምንጭ ውሃ በቦይ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ቁራሽ መሬት ያዘና አንድ ቅዳሜ ሁላችንንም ጋሪ ላይ ጭኖ ወስዶ አሳየን። ድንጋይና እሾህ ብቻ ነበር። «እንዴት ነው?» አለኝ። «ምኑ?» አልኩት። እኔ የደጋ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ አግብቼ ድሬ ስወርድ ከእርሻ የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር። ያን ቀን እስከ ቤት ድረስ አላናገርኩትም።

በሁለት ዓመት ውስጥ ግን ከእሱ ብሼ ቁጭ አልኩ። ዘይቱን ተከልን፣ ፓፓያ ተከልን፣ ቲማቲም ዘራን። ሦስት ፍየልና ጥቂት ዶሮዎች አስገባን፤ ውሃና ሣር የምትሸከም አንዲት አህያም ነበረችን። እሁድ ከቅዳሴ መልስ እዚያ ነን። ልጆቹ ልብሳቸውን አውልቀው ቦዩ ውስጥ ይጋደማሉ፣ እኔ ድንጋይ ጎልቼ እንቁላል እጠብሳለሁ፣ የጣለችው ዶሮ ገና እየጮኸች ማለት ነው። ባሌ ሥራ ቦታው ጥርሱን የማያሳይ ሰው ነው ይሉ ነበር። እርሻው ላይ ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ፓፓያውን «ጎሽ፣ እንዲህ ነው እንጂ» እያለ ሲያዋራ ብታዩት። ቤት ስንመለስ የጫማውን ጭቃ እየጠረግኩ እነጫነጫለሁ፤ ደስ እያለኝ ነው የምነጫነጨው።

ከሁሉ የሚበልጥበት ግን ስድስቱ መንደሪኖች ነበሩ። አምስት ዓመት አሳድጓቸዋል። ፀሐይ ሲበረታ የሰሌን ጥላ ይሠራላቸዋል፤ ከልጆቼ አንዱም እንዲያ እንክብካቤ አግኝቶ አላደገም። ይህን የማወራላችሁ ነገር የሆነው መጀመሪያ ባበቡበት ዓመት ነው። አበባው ተራግፎ አተር የምታህል ፍሬ ብቅ ብላ ነበር። በዚያ ጊዜ ውሃ ካጣች ትረግፋለች። ባሌ ማታ ማታ ከሥራ መልስ በብስክሌት እየሄደ ይቆጥራት ነበር።

ከጎናችን ባሏ የሞተባት ሴት ታርስ ነበር። ለእኛ መናፈሻ የሆነው ቦታ ለእሷ የዓመት ቀለብ ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም ታለማለች፣ ቀፊራ ገበያ ወስዳ ትሸጣለች፣ በዚያ ነው የምትኖረው። መጀመሪያ ስንተዋወቅ በደጋ ወጌ «እርስዎ» ብላት፣ «ስንት ሆኜ ታየሁሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። ድሬ እርስዎ አያውቅም። ከዚያ በኋላ እኔ እንደ ታላቅ እህት «አዴ» እላታለሁ፣ እሷ «ኦላ» ትለኛለች፤ ጎረቤት ማለቷ ነው በኦሮምኛ። አማርኛዋ አንዳንዴ ይሰበራል፣ የእኔ ኦሮምኛ ደግሞ ከናካቴው ስብርባሪ ነበር። ተግባብተን እንኖር ነበር።

ውሃው በተራ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው በስምንት ቀን አንዴ ይደርሰዋል። የእሷና የእኛ ተራ አንድ ቀን ላይ ነበር፤ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የእሷ፣ ከዘጠኝ እስኪመሽ የእኛ። ወሰናችን ላይ አንድ ትልቅ የሮቃ ዛፍ ነበር፣ ድሬዎች ሁመር የሚሉት። ከዛፉ ራቅ ብሎ ነጭ ድንጋይ ተተክሏል። ጥላው ድንጋዩን ሲነካ የእሷ ቦይ በጭቃና በጆንያ ይዘጋል፣ የእኛ ይከፈታል። ከአያት ጀምሮ እንዲህ ነበር።

ባሌ መጣና ይህን አፈረሰ። የባቡር ሰው ነዋ። «ጥላ በጋና ክረምት አንድ አይደለም። ሲረን ግን አይዋሽም» አለ። ሠራተኛው ከቀትር እረፍት ወደ ሥራ የሚመለስበት የባቡር ጣቢያው ሲረን ልክ በዘጠኝ ሰዓት ይጮሃል፤ እርሻው ድረስ ይሰማል። አንድ ወር ሙሉ ጨቀጨቃቸው። ተራውን የሚጠብቀው፣ የውሃ አባት የሚባለው ሽማግሌ፣ በመጨረሻ፣ «እሺ ባቡሩ፣ አንተ ካልክ ይሁን። ድንጋዩን ግን አናነሳም» አለው። ባቡሩ ነበር የሚሉት ባሌን። ሌላው ሕግ እንዳለ ቀረ፤ ውሃ የሰረቀ ሁለት ተራ ይቀርበታል። በበጋ ሁለት ተራ ቀረ ማለት፣ የተከልከው ደረቀ ማለት ነው።

እንግዲህ ያ ቀን መጣ። ባሌ ሥራ ነው፣ ትልልቆቹ ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው፣ እኔና የአምስት ዓመቷ ልጄ ነን እርሻው ላይ። ጎረቤቴ ሽንኩርቷን ከመደብ አንስታ ከተከለች ሁለተኛ ቀኗ ነው። ቲማቲሟን በአህያ ጭና ወደ ቀፊራ ልትሄድ ስትል ወደ እኔ መጣች። «ኦላ፣ ውሃውን ከፍቼ መሄዴ ነው። ከላይ ያለው ሽንኩርት ጠጥቷል፣ ከታች ያለው ገና ነው። እስከ ሲረን ይደርስለታል። ሲረን ሲጮህ አንቺ ዝጊልኝ» አለችኝ። «ሂጂ፣ እኔ አለሁልሽ» አልኳት። እኔ አለሁልሽ። ይህችን ቃል ስንት ጊዜ አላመጥኳት መሰላችሁ።

በድሬ ሙቀት ቀትር ላይ የማይተኛ የለም። እኔም ልጄን አቅፌ ዘይቱኑ ሥር ጋደም አልኩ። ሲረን ሲጮህ ከእንቅልፌ ብንን ብዬ ተነሳሁ። ረዥም ነበር፣ ከወትሮው የረዘመ። ቢሆንም ሲረን ሲረን ነው፤ እየተደናበርኩ ሄጄ በእግሬ ጭቃውን ገፋሁ፣ ጆንያውን ጠቀጠቅኩ፣ የጎረቤቴን ቦይ ዘጋሁ፣ የእኛን ከፈትኩ። ውሃው እየተንከባለለ ወደ መንደሪኖቹ ወረደ። ልጄ ቀድማው እየሮጠች እግሯን ታስነካዋለች።

ከዚያ ፊቴን ልታጠብ ጎንበስ ስል ዓይኔ ጥላው ላይ አረፈ። ጥላው ገና ከግንዱ አልራቀም። ነጩ ድንጋይ ፀሐይ ውስጥ ያንጸባርቃል። ከጥላው እስከ ድንጋዩ ያለው መንገድ ረዥም ነበር፤ ጥላውን ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያስኬድ። ሲረኑ ያለ ሰዓቱ እንደጮኸ ያኔ ገባኝ።

አላወቅኩም ብል ደስ ባለኝ። አውቄያለሁ። ሄጄ ጆንያውን መንቀል ነበረብኝ፤ ሃያ እርምጃ አይሞላም። ግን መንደሪኖቹን አየሁ። ሥራቸው ያለው አፈር ውሃውን እየጠጣ ሲጠቁር፣ ፍሬዎቹ ቅጠል ውስጥ ተደብቀው አየሁ። ባሌ ማታ መጥቶ ሲቆጥራቸው ታየኝ። «ዝጊ የተባልኩት ሲረን ሲጮህ ነው፣ ጮኸ፣ ዘጋሁ» አልኩ በሆዴ። ያን ያህል ተንኮለኛ አልነበርኩም፤ ያን ቀን ግን ሆንኩ። ጥላው ድንጋዩን እስኪነካ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ሲነካው ሁለተኛው ሲረን ጮኸ፣ እውነተኛው። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ አረም መንቀል ጀመርኩ።

ስንመለስ በሽንኩርቱ በኩል ማለፍ ነበረብን። የታችኛው ግማሽ አመድ መስሎ ነበር። ልጄን እጇን ይዤ ፈጠን ፈጠን እያልኩ አለፍኩ።

እራት ላይ ልጄ፣ «አባዬ፣ ዛሬ ሲረኑ ሁለቴ ጮኸ» አለች። ባሌ ሳቀ። «አንድ ትልቅ እንግዳ በባቡር መጥቶ ነው። ለአቀባበል ያለውን ፊሽካና ሲረን ሁሉ አስጮኹት» አለና ወዲያው ሳቁን አቆመ። ወደ እኔ ዞረ። «በሱ አልዘጋሽም አይደል?»

«እኔ ሕፃን ነኝ? ጥላ ማየት አይጠፋኝም» አልኩት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። ባሌ አመነኝ። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ሁለተኛ እንኳ አልጠየቀኝም።

ሦስት ቀን አለፈ። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ጫፉ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ ተኛ። ጎረቤቴ ልታየኝ መጣች። «ኦላ፣ በሲረን ነው የዘጋሽው?» አለችኝ። «በሲረን ነው» አልኳት። ውሸት እንኳ አልነበረም። «ታዲያ ውሃዬ የት ሄደ?» አለች፣ እኔን ሳይሆን አፈሩን እያየች። ቀና ብላ ከበላያችን ሸንኮራ አገዳ ወደሚያለማው ጎረቤት አየች። የሱ ቦይ ጎኑ ያፈስ ነበር፤ ሁሉም ያውቃል፣ ብዙ ጊዜ ጠግን ተብሏል። «እሱ ነው። አቦ፣ እኔ ደካማ ስለሆንኩ ነው» አለች። እንባዋ መጣ፣ ግን አልፈሰሰም። እኔም፣ ይቅር ይበለኝ፣ ዝም አልኩ።

የውሃ አባቱ ለእሁድ ሁሉም ሁመሩ ሥር እንዲሰበሰብ አስጠራ። እሁድ የሆነው ባቡሩ እንዲኖር ተብሎ ነው። እስከዚያ ድረስ አንድ ቀን በቅጡ አልተኛሁም፣ አንድ ወጥ ጨው ሳላበዛበት አልሠራሁም። ልጆቹ ሲስቁ እደነግጣለሁ። ትንሿ ልጄ አፏን በከፈተች ቁጥር ምን ልትል ነው እያልኩ ቀድሜ ወሬ እቀይር ነበር። ቅዳሜ ዕለት ለባሌ ልነግረው ሁለት ጊዜ ተነሳሁ። አንዱን ጊዜ ስለ መንደሪን ማዳበሪያ ጀመረኝ፣ ሌላውን ጊዜ ስለ እራት ጠይቄው ተመለስኩ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ሄድን። ሰዉ ጥላው ሥር ተቀምጧል። የሸንኮራው ሰውዬ አንድ ጆሮው አይሰማም ነበር፤ ነገሩን በደንብ እንኳ ሳይሰማ ነው ተከሳሽ የሆነው። «ምን አደረግኩ? ወላሂ አልነካሁም» ይላል ዝም ብሎ። የውሃ አባቱ እጁን አነሳና አስቆመው። «ባቡሩ፣ ሲረን ያመጣኸው አንተ ነህ። ያን ቀን ሲረን ሁለቴ ጮኸ ይላሉ። ምን ትላለህ?»

ባሌ ተነሳ። የእሁድ ኮቱን ለብሷል። «ሁለቴ ጮኋል፣ እውነት ነው» አለ። «እኔም ሰምቼ ሚስቴን የዚያኑ ዕለት ጠይቄያታለሁ። በመጀመሪያው አልዘጋችም፣ ጥላውን አይታ ነው የዘጋችው። ሚስቴን አውቃታለሁ።»

«ትምልበታለህ?» አለ ሽማግሌው። «ባለሸንኮራው በቁርአን ይምላል፣ አንተም በእምነትህ። ከዚያ እንፈርዳለን።»

ባሌ በምንም ነገር አይምልም ነበር። ልጆቹ ሲምሉ እንኳ ይቆጣል። ያን ቀን ግን የአንገቱን ማተብ ያዘ። ልጄ ቀሚሴን ይዛ ትጎትተኛለች። የሸንኮራው ሰውዬ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ባሌ የሚለውን ለመስማት አንገቱን አስግጓል። ጎረቤቴ አንገቷን ደፍታለች።

«እንዳትምል» አልኩ። «እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ሲረን ዘጋሁት። ውሃውን የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

ባሌ ማተቡን እንደያዘ ዞሮ አየኝ። አንዱ፣ «ተኝታ ነው፣ ሲረን አሳስቷት ነው፣ ምን ታድርግ» አለ። መውጫ በር ተከፈተልኝ ማለት ነው። ልገባበትም ነበር፤ ውሸት ከለመዱት አፍን ይጣፍጠዋል። ጎረቤቴ ግን ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ኦላ፣ ጥላውን አይተሽ ነበር?» አለችኝ።

«አይቻለሁ፣ አዴ» አልኳት። «ከዘጋሁ በኋላ አየሁት። ገና ነበር። አይቼ ዝም አልኩ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጎረቤቴ ተነሳች፣ የቀሚሷን አቧራ አራገፈችና ወደ ሽንኩርቷ ሄደች። የውሃ አባቱ ሁለት ተራ ቀጣን፣ የሸንኮራውን ሰውዬ ይቅርታ አስጠየቀኝ፣ ነጩን ድንጋይ በዱላው ነካ ነካ አደረገና፣ «ከዛሬ ወዲያ በዚህ» ብሎ ተነሳ። ባሌ ስለ ሲረኑ አንድ ቃል አልተከራከረም።

በጋሪ ተመለስን። ከተማ ልንገባ ስንል ባሌ፣ «ልምል የነበረው ለሲረኑ ብዬ መስሎሻል?» አለኝ። «ላንቺ ብዬ ነበር» አለ። ያን ቀን የተሰማኝን ኀፍረት እስከዛሬ አልረሳሁትም፤ በዱላ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ፣ ሥራ ከመግባቱ በፊት፣ አህያዋ ላይ የላምባ ቆርቆሮዎች ሲጭን አገኘሁት። ከምንጩ በቦይ መምራት እንጂ በቆርቆሮ መቅዳት ለማንም አይከለከልም። ለመንደሪኖቹ መስሎኝ ተከተልኩት። በመንደሪኖቹ በኩል አለፈ፣ አላያቸውም። ሽንኩርቱ ጋ ሲደርስ ተንበረከከና በጣሳ አንድ በአንድ ማጠጣት ጀመረ። እኔም ከጎኑ ተንበረከክኩ። ጎረቤቴ መጥታ ቆመች፣ አየችን፣ አመሰግናለሁም አላለችም፣ ሂዱም አላለችም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ባሌ የያዘውን ጣሳ ከእጁ ወሰደችበት። «ሥሩን ነው እንጂ ቅጠሉን ምን ታጥባለህ፣ ባቡሩ?» አለችው።

እንዲያ አሥራ ሁለት ቀን ተመላለስን። ጠዋት እሱና እኔ፣ ከሰዓት እኔና ልጆቹ። ልጆቹ የወተት ጣሳ ይዘው ከምንጩ እየተሽቀዳደሙ ግማሹን ልብሳቸው ላይ ያፈሱታል፣ ይሳሳቃሉ። እኔ ልስቅ ስል ጎረቤቴን አያትና አቆማለሁ። ከሽንኩርቱ የሚድነው ዳነ፣ ከታችኛው ግማሽ ሲሶው ሞተ። መንደሪኖቹ ያችን አተር የምታህል ፍሬ አራገፉ። ባሌ አንድ እሁድ ባርኔጣው ውስጥ ለቀማት፣ ትንሽ ይዟት ተቀመጠ፣ ለፍየሎቹ ሰጣት። አንጀቴን ነው የበላው።

ቅጣታችን ያለቀ ዕለት ብቻዬን ሄድኩ። ሲረን ጮኸ፤ ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም። ጥላው ነጩን ድንጋይ ነካ፤ አሁንም አልተነሳሁም። እጄን ወደዚያ ቦይ መስደድ ፈራሁ። ጎረቤቴ አረሟን ስትነቅል ቆየች፣ ጥላው ድንጋዩን ካለፈ በኋላ ቀስ ብላ መጣችና የራሷን ዘጋች፣ የእኛን ከፈተች። እኔን አላየችኝም። በሚቀጥለውም ተራ እሷ ነች የከፈተችልን፣ በሚቀጥለውም። ሳንነጋገር ሕግ ሆነ። እኔ ቦዩን አልነካም፣ ውሃችንን የምትከፍትልን እሷ ናት። ሰላምታ ግን መለሰችልኝ፣ በኋላም ለልጆቹ ቲማቲም ትሰጣቸው ጀመር። «ኦላ» የሚለውን ቃል ብቻ ነው ያልመለሰችልኝ። እኔም አልጠየቅኳት።

በዓመቱ መንደሪኖቹ እንደገና አበቡ፣ እንደገና ያችን ፍሬ ያዙ። በጋው ካለፈው የባሰ ነበር። በተራችን ቀን ቅጠላቸው ተጠቅልሎ ነበር። ባሌ ሥራ ሄዷል፣ ልጆቹም የሉም። እኔ ዘይቱኑ ሥር ተቀምጬ ጥላውን አያለሁ፤ ገና ከግንዱ ብዙም አልራቀም። አንዴ መንደሪኖቹን አያለሁ፣ አንዴ ድንጋዩን፣ እጄን ጭኔ ሥር ከትቼ ተቀምጬበታለሁ።

ጎረቤቴ ከሽንኩርቷ መሐል ቀና አለች። ወደ ዛፎቹ አየች። ከዚያ መጥታ ጭቃውን በእግሯ ገፋች፣ የራሷን ዘጋች፣ የእኛን ከፈተች። ውሃው ወደ መንደሪኖቹ ወረደ። ደንግጬ ተነሳሁ።

«አዴ፣ ተይ፣ ጥላው ገና ነው» አልኳት።

«አይቻለሁ፣ ኦላ» አለችኝ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች።